«ፋይሉን ቆልፉት» የሚለው ምክር ለምን ይጎዳል፦ በቤት ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያጋጥም የዲኤንኤስ ችግር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የሊኑክስ ተጠቃሚዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ የአማርኛ መመሪያ አለ፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው አሠራር፣ ሲበላሽ ምን መደረግ እንዳለበት ያስረዳል። ምክሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ድረ ገጽ አልከፈት ሲል ፒንግ አድርጉ (ፒንግ ሌላ ኮምፒውተር ምላሽ መስጠቱን የሚሞክር ትዕዛዝ ነው)፤ በስም ካልሠራ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው፤ ኢቲሲ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» ክፈቱ፤ እዚያ የምታገኙት 127.0.0.53 የተሳሳተ አድራሻ ስለሆነ አጥፉትና የጉግልን ሰርቨር 8.8.8.8 ብላችሁ ጻፉ፤ ለጥንቃቄም ሌሎች ሰርቨሮችን ደርድሩበት፤ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ የተባለውን አገልግሎት ዝጉ፤ ፋይሉ ተመልሶ እንዳይቀየር ቆልፉት፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሡ፤ ካልሠራም 24 ሰዓት ጠብቁ። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ጉዳይ በአማርኛ ለማስረዳት መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በቋንቋችን የተጻፈው ጥቂት ነውና። ይሁን እንጂ ጥቂት በመሆኑ ምክንያት እያንዳንዱ ጽሑፍ ብዙ ሰው ይከተለዋል፤ ስህተት ሲኖርበትም ስህተቱ በየቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አንሥቼ መልስ እሰጣለሁ።

ከ127.0.0.53 ልጀምር፤ የቀሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። በ127 የሚጀምሩ አድራሻዎች በሙሉ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራባቸው ናቸው። 127.0.0.53 ደግሞ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ የስም ጥያቄዎችን የሚቀበልበት አድራሻ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ በዴስክቶፕ ላይ ከ17.04 እትም ጀምሮ፣ ፌዶራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 33ኛ እትሙ ጀምሮ በዚህ አሠራር ይጠቀማሉ። አንድ ፕሮግራም የድረ ገጽ ስም ሲጠይቅ ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሪዞልቭድ ነው፤ መልሱ በካሹ፣ ማለትም ቀደም ሲል ያገኛቸውን መልሶች በሚያቆይበት ቦታ፣ ውስጥ ካለ ወዲያውኑ ይሰጣል፣ ከሌለ ግን ውጭ ወዳለው ሰርቨር ያስተላልፋል። ስለዚህ 127.0.0.53ን ማየት ስለ ብልሽት ምንም አይነግረንም፤ ማወቅ ያለብን ሪዞልቭድ ጥያቄውን ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚያስተላልፍ ነው።

ይህን ለማወቅ ተርሚናል ከፍቶ «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» የሚለውን ትዕዛዝ መስጠት ይበቃል። ውጤቱ «ግሎባል» በሚል ክፍል ይጀምራል፤ በዚህ ክፍል ውስጥ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ሞድ» የሚል መስመር አለ። ባልተነካ ኡቡንቱ ላይ ይህ መስመር «ስተብ» ይላል፤ ፋይሉን በመመሪያው ምክር በተካ ሰው ኮምፒውተር ላይ ግን፣ ሪዞልቭድ ካልተዘጋ፣ «ፎሪን» ይላል፣ ማለትም ፋይሉን የጻፈው ሪዞልቭድ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ «ሊንክ 2»፣ «ሊንክ 3» እያለ ኬብሉንና ዋይፋዩን ለየብቻ ይዘረዝራል። በየሊንኩ ሥር «ዲኤንኤስ ሰርቨርስ» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር፣ በብዙ ቤቶች 192.168.1.1 ወይም የዚህ ዓይነት የራውተር አድራሻ፣ በእርግጥ የሚጠየቀው ሰርቨር ነው። የተሳሳተ ሴቲንግ ካለ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ድሮ ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የቀረ አድራሻ ሊሆን ይችላል፣ ሲጻፍ አንድ አሃዝ የተዛባበት ሊሆን ይችላል፣ ወይም መስመሩ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ጸሐፊው ይህን ትዕዛዝ በጽሑፋቸው አንድ ጊዜም አላነሡትም፤ ለእኔ ከተሳሳቱት ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ የተዘለለው ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ጸሐፊው «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» የዲኤንኤስ ሴቲንግ የሚቀመጥበት ቦታ እንደሆነ አድርገው ያቀርቡታል። በድሮው ዩኒክስ እንዲያ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ የቤት ሊኑክሶች ላይ ግን ፋይሉ ሌላ ፕሮግራም የደረሰበትን ውሳኔ የሚጽፍበት ነው፤ ደረሰኝ ላይ ያለውን ቁጥር ፍቆ ማስተካከል መዝገቡን እንደማይለውጠው ሁሉ፣ ይህን ፋይል ማረምም የሴቲንጉን ምንጭ አይለውጠውም። በኡቡንቱ ላይ ነገሩ ጭራሽ ራሱን የቻለ ፋይል አይደለም፤ «ራን» በተባለው ፎልደር ውስጥ ወዳለ ሌላ ፋይል የሚያመለክት ሲምሊንክ ነው፤ «ራን» ደግሞ በሚሞሪ ላይ የሚኖር ስለሆነ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይፈጠራል። ፋይሉን የከፈተ ሰው ከላይ ፋይሉ በሲስተምዲ ሪዞልቭድ እንደሚተዳደርና መታረም እንደሌለበት የሚናገር ማሳሰቢያ ያገኛል። ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ፣ የኔትወርክ ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር ብቻ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ፋይሉን ያመነጨው ኔትወርክ ማኔጀር መሆኑ በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል። ጸሐፊው «ሴቲንጉ በምሥጢር ይመለሳል» ብለው የሚያማርሩት ነገር ምሥጢር የለበትም፤ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ፋይሉ ራሱ በስም ይጠራዋል።

ታዲያ የት ይታረም? በዴስክቶፕ ላይ ከሆነ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ነው። የዋይፋዩን ወይም የኬብሉን ዝርዝር ከፍቶ፣ አይፒቪ4 በሚለው ገጽ ላይ ከዲኤንኤስ አጠገብ ያለውን «አውቶማቲክ» ማጥፋት፣ የሚፈለገውን አድራሻ መጻፍ፣ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ግንኙነቱን አንድ ጊዜ አጥፍቶ መልሶ ማብራት ነው። በተርሚናል ለሚመርጥ ሰው ይኸው ሥራ «ኤንኤምሲኤልአይ» በሚባለው ትዕዛዝ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መቀየር አለበት፦ አዲሱን የዲኤንኤስ አድራሻ ማስገባት፣ እንዲሁም ከራውተሩ የሚመጣውን ችላ እንዲል ማዘዝ። ሁለተኛው ከተረሳ አዲሱ አድራሻ ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል እንጂ አይተካውም። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ራውተሩ አይፒቪ6 የተባለውን አዲሱን የአድራሻ ዓይነትም የሚያከፋፍል ከሆነ በዚያ መንገድ የዲኤንኤስ አድራሻ ይልካል፤ ስለዚህ አይፒቪ4ን ብቻ ያረመ ሰው አሮጌው ሰርቨር እየተመላለሰ ያስቸግረዋል። በኡቡንቱ ሰርቨር እትም ላይ ቦታው የኔትወርክ ሴቲንግ የሚጻፍበት የኔትፕላን ፋይል ነው፤ እዚያም «ኔትፕላን ትራይ» የሚለው ትዕዛዝ በ120 ሴኮንድ ውስጥ ካላጸደቁት አዲሱን ሴቲንግ ራሱ ይመልሰዋል። ከርቀት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው።

አሁን ወደ መቆለፉ። ጸሐፊው ሲምሊንኩን አጥፍታችሁ በምትኩ ተራ ፋይል ፍጠሩ፣ ከዚያም «ቻትር» በተባለው ትዕዛዝ የማይነካ አድርጉት ይላሉ። ይህን ያደረገ ፋይል በእርግጥም አይቀየርም፤ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ሩት፣ እንኳ መቆለፊያውን ሳያነሣ ሊጽፍበት አይችልም። ጉዳቱ የሚገለጠው ቆይቶ ነው። ላፕቶፑን ይዞ ሆቴል የገባ ሰው ዋይፋዩን ሲያገናኝ የመግቢያው ገጽ አልመጣ ይለዋል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ብዙ ኔትወርኮች የመግቢያ ገጻቸውን የሚያሳዩት በራሳቸው ዲኤንኤስ በኩል ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን 8.8.8.8ን ብቻ እንዲጠይቅ ተቆልፏል፣ ተጠቃሚው ካልገባ ደግሞ ወደ 8.8.8.8 የሚወስደው መንገድ ዝግ ነው። ከቤት ሆኖ በቪፒኤን ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚገባ ሰውም ቪፒኤኑ ተገናኝቷል እየተባለ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ስሞች ግን አይከፈቱለትም። ሪዞልቭድ ለየሊንኩ የተለየ ሰርቨር መያዝ የሚችለው ለዚህ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ስሞች በቪፒኤኑ፣ የቀሩትን በቤቱ ራውተር በኩል ይልካል። የተቆለፈ ፋይል ይህን ሁሉ ያስቀራል። ከሁሉም የከፋው ፋይሉ መቆለፉን ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውስ አለመኖሩ ነው፤ በተለይ ኮምፒውተሩ ለልጅ ወይም ለእኅት ከተላለፈ በኋላ።

ሪዞልቭድን ዝጉ የሚለው ምክርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አገልግሎቱ ቆሞ ፋይሉ ወደ 127.0.0.53 እንዳመለከተ ከቀረ፣ በዚያ አድራሻ የሚያዳምጥ የለምና ማንኛውም ስም አይገኝም። ከዚያ ሌላ ፕሮግራም ልጫንና ልተካው ቢሉ መጫኛው ራሱ የማውረጃ ሰርቨሩን በስም ስለሚፈልግ አይሠራም። ሪዞልቭድን የመተው በቂ ምክንያት ያለው ሰው ይኖራል፤ ለምሳሌ ቤቱ ውስጥ የራሱን የዲኤንኤስ ሰርቨር የሚያሠራና የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚገባበት 53 ቁጥር ፖርት ነፃ እንዲሆንለት የሚፈልግ። ለዚያ ግን መጀመሪያ ተተኪውን ጭኖ መሞከር፣ ቀጥሎ ነባሩን መዝጋት ነው፤ በመመሪያው ላይ ያለው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው።

ስለ ፒንግ የተባለው በከፊል ትክክል ነው። በቁጥር ሠርቶ በስም እምቢ ሲል ዲኤንኤስን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሆኖም ጸሐፊው የሚሞክሩት በስም ብቻ ስለሆነ የኬብል መነቀልም፣ የራውተር መዘጋትም፣ የመስመር መቋረጥም ሁሉ ዲኤንኤስ ይባላል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ራውተሩን በቁጥሩ፣ ቀጥሎ ውጭ ያለ አንድ አድራሻን በቁጥሩ፣ በመጨረሻ ስምን መሞከር ነው። በዚያ ላይ ተርሚናሉ የሚያወጣው የእንግሊዝኛ መልእክት በጥንቃቄ ይነበብ። ስሙን ለማግኘት የገጠመው ችግር ጊዜያዊ መሆኑን የሚናገረው መልእክት «ከሰርቨሩ የሚረባ መልስ አላገኘሁም» ማለት ነው፤ ሰርቨሩ አልተገኘም፣ ወይም አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይም መስመሩ የለም። ስሙ ወይም አገልግሎቱ እንደማይታወቅ የሚናገረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ጠይቄ ነበር፣ እንዲህ ያለ ስም የለም ተባልኩ» ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ሰርቨሩ እየሠራ ነውና የስሙን አጻጻፍ ወይም የሰርቨሩን ምንነት መመርመር ይገባል። ሁለቱን መልእክቶች አንድ አድርጎ ማለፍ የምርመራውን ግማሽ መጣል ነው።

በእኛ አገር የኤሌክትሪክ ሁኔታ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መልእክት፣ ችግሩ ጊዜያዊ ነው የሚለው፣ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ አድራሻ ማደል የሚጀምረው ከውጭ ያለው መስመር ከመያዙ በፊት ሊሆን ይችላል። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ዲኤንኤሱም የራውተሩ አድራሻ ነው፣ ራውተሩ ግን ለጊዜው ወደ ውጭ የሚያስተላልፍበት መንገድ የለውም። በዚህ ሰዓት ሴቲንግ የሚነካካ ሰው ደህናውን ያበላሻል። ጥቂት መጠበቅና የራውተሩን መብራቶች ማየት ይበቃል። የሰዓት ባትሪው ያለቀበት አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነም ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል እርሱንም ማየት ነው፤ ቀኑ ሲዛባ የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት ተቀባይነት ያጣል፣ ዲኤንኤስ በተመሰጠረ መንገድ የሚጠይቅ ኮምፒውተር ላይም ስም መፈለጉ ራሱ ይቆማል።

ጸሐፊው ፋየርፎክስ እየሠራ ሌላው ሁሉ እምቢ ማለቱን ጠቅሰው «ሊኑክስ የሚያመጣው እንግዳ ነገር ነው» ብለው አልፈውታል። ይህ ሊታለፍ አይገባም፤ ጥሩ ፍንጭ ነው። ብራውዘሮች ዲኤንኤስን በኤችቲቲፒኤስ ውስጥ አድርገው በቀጥታ መጠየቅ ይችላሉ፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ደረጃ የወጣለት ሲሆን ፋየርፎክስም በ2020 ለአሜሪካ ተጠቃሚዎች በነባሪነት አብርቶታል። ብራውዘሩ በዚህ መንገድ ከሄደ በኮምፒውተሩ ሴቲንግ አይጠቀምም፤ ስለዚህ ብራውዘር እየሠራ ተርሚናል እምቢ ካለ መስመሩ ደህና መሆኑና ችግሩ የኮምፒውተሩ ዲኤንኤስ ላይ መሆኑ ያለ ብዙ ድካም ታወቀ ማለት ነው። የተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ሴቲንግ ይታይ።

«ዲግ መልስ ከሰጠ ዲኤንኤሱ ደህና ነው» የሚለውም ማስተካከያ ይፈልጋል። ዲግ የተባለው ትዕዛዝ በቀጥታ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ ተራ ፕሮግራሞች ግን በመጀመሪያ «ኤንኤስስዊች ዶት ኮንፍ» በሚለው ፋይል ላይ የተጻፈውን ተራ ይከተላሉ፤ በዚያ ተራ ላይ ደግሞ «ሆስትስ» የሚባለው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከዲኤንኤስ ይቀድማል። ይህ ፋይል ከዲኤንኤስ በዕድሜ የሚበልጥ ነው፤ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስን ከመንደፋቸው በፊት የኔትወርኩ ስሞች በሙሉ በአንድ ዝርዝር ይያዙ ነበር፣ ሆስትስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። አንድ ጊዜ ለሙከራ እዚያ የተጻፈች አንዲት መስመር ለዓመታት የተሳሳተ አድራሻ ስትመልስ ትኖራለች፣ ዲግም ውጭ ያለ ሰርቨር ሲጠይቅ አያያትም። ተራ ፕሮግራም የሚያየውን ለማየት የሚሻለው «ጌትኤንት ሆስትስ» ብሎ ስሙን ማስከተል ነው። የሁለቱ መልስ ከተለያየ ሰርቨር መቀያየር ከንቱ ድካም ነው፤ የሚታየው ሆስትስ ነው።

«ብዙ ሰርቨር ከደረደራችሁ ኮምፒውተሩ ፈጣኑን ይመርጣል» የሚለው ስህተት በደንብ መታየት ይገባዋል፤ ትክክል ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምነዋልና። ያለ ሪዞልቭድ የሚሠራው የሊኑክስ የስም ፍለጋ ከዝርዝሩ ሦስት ሰርቨሮችን ብቻ ይወስዳል፣ አራተኛውን አያይም። ሁልጊዜም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ መልስ ካላገኘ በተለምዶ 5 ሴኮንድ ጠብቆ ነው ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው። የመጀመሪያው ሰርቨር የሞተ ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ስም ይህን መዘግየት ይከፍላል፤ «ኢንተርኔቱ ይሠራል ግን ያዘግማል» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ደግሞም የመጀመሪያው ሰርቨር «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ከመለሰ ፍለጋው እዚያው ያበቃል፣ ሁለተኛው ጨርሶ አይጠየቅም። ሪዞልቭድ በበኩሉ አንዱን ይዞ እስኪያስቸግረው ድረስ በእርሱ ይቀጥላል፤ በአንድ ሊንክ ሥር ያሉትን ሁሉንም እኩል አድርጎ ስለሚቆጥር፣ የቤቱን ፕሪንተር በስም የሚያውቀው ራውተር ከማያውቀው 8.8.8.8 ጋር አብሮ ሲጻፍ ፕሪንተሩ አንዳንዴ ይገኛል አንዳንዴ ይጠፋል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጡ ሰርቨሮች ብቻ ይግቡ።

በዚሁ አጋጣሚ ጸሐፊው በሰጡት ምሳሌ ላይ «ኔምሰርቨርስ» ተብሎ በብዙ ቁጥር ተጽፏል። ትክክለኛው ቃል መጨረሻው ላይ ያ ትርፍ ፊደል የለውም። የተሳሳተውን መስመር ሊኑክስ ምንም ሳይናገር ይዘለዋል፤ ምሳሌውን ቀድቶ የለጠፈና ፋይሉንም የቆለፈ ሰው ምን እንደነካው አያውቅም።

8.8.8.8ን የመሰሉ ሰርቨሮች ይፈጥናሉ፣ ምሥጢርም ይጠብቃሉ ስለተባለው በአጭሩ ልመልስ። የጉግል 8.8.8.8፣ የክላውድፍሌር 1.1.1.1 እና የኳድ9 የሆነው 9.9.9.9 ጥሩ አገልግሎቶች ናቸው፤ ከሁሉም ቤት ይፈጥናሉ ማለት ግን አይቻልም። ዲግ ከመልሱ ሥር ጥያቄው የፈጀውን ጊዜ በሚሊሴኮንድ ይጽፋል፤ የራውተሩንና የእነዚህን ልዩነት እያንዳንዱ በቤቱ ይለካው። ምሥጢርን በተመለከተ፣ ቁጥሩን መቀየር ብቻውን ጥያቄውን አይሸፍነውም፤ ዲኤንኤስ በ53 ቁጥር ፖርት የሚሄደው በግልጽ ነው። የተመሰጠረውን የሚፈልግ ሰው በሪዞልቭድ ሴቲንግ ላይ «ዲኤንኤስ ኦቨር ቲኤልኤስ» የሚለውን ማብራት አለበት፤ መመሪያው ዝጉት የሚለው አገልግሎት ይህን የሚያደርገው ራሱ ነው። አንዳንድ ኔትወርኮች ደግሞ ወደየትም ሰርቨር የተላከን የ53 ፖርት ጥያቄ ጠልፈው ራሳቸው ይመልሱታል። ይህን ለማወቅ ዲግን 192.0.2.1 ወደሚለው አድራሻ ልኮ አንድ ስም ማስጠየቅ ነው። ያ አድራሻ ለጽሑፍ ምሳሌነት የተከለለ ስለሆነ በዚያ ላይ ሰርቨር የለም፤ መልስ ከመጣ መሐል ላይ የሚመልስ አለ ማለት ነው፣ ሰርቨር መቀየርም ለውጥ አያመጣም።

24 ሰዓት ጠብቁ የሚለው ከሌላ ጉዳይ የተወሰደ ነው፤ የድረ ገጽ ባለቤት የስሙን አድራሻ ሲቀይር የሚነገር ነው፣ እዚያም ቢሆን የሚወስነው ባለቤቱ ለመዝገቡ የሰጠው የዕድሜ ገደብ ነው። የራስን ኮምፒውተር ሴቲንግ ላረመ ሰው ለውጡ ግንኙነቱ ጠፍቶ እንደበራ ይሠራል፤ ያረጀ መልስ በካሽ ቀርቶ ከሆነ «ሪዞልቭሲቲኤል ፍላሽ ካሽስ» ያጸዳዋል። ካልሠራ እርማቱ ትክክል አይደለም፤ መጠበቅ አያርመውም።

መመሪያውን ቀድሞ የተከተለ አንባቢ ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል። የነገሩ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ «ቻትር»ን ከተቀናሽ ምልክትና ከአይ ፊደል ጋር ሰጥቶ የፋይሉን መቆለፊያ ማንሣት፤ ሪዞልቭድ ተዘግቶ ከሆነ «ሲስተምሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ ማስቻልና ማስነሣት፤ ተራውን ፋይል በሌላ ስም ማስቀመጥ፤ በቦታው «ራን» ውስጥ፣ «ሲስተምዲ» ሥር፣ «ሪዞልቭ» በተባለው ፎልደር ወዳለው «ስተብ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» የሚያመለክት ሲምሊንክ መሥራት። ከዚያ «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» ተሰጥቶ «ፎሪን» ይል የነበረው መስመር «ስተብ» ማለቱ ይረጋገጥ፤ በሊንኩ ሥር ያለው አድራሻ አሁንም የተሳሳተ ከሆነ በኔትወርክ ሴቲንግ ገብቶ እዚያው ይታረም።